ዩኒቨርሲቲው ጎረቤታችን ነው፤ ምን ይጠቅመናል?

ጥያቄ፦ «ከእህቴ ጋር ሆነን በርበሬ፣ ሽሮና ሌሎች የባልትና ውጤቶች እያዘጋጀን እንሸጣለን። አምስት ሠራተኞች አሉን። ያለነው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ዝናብ በማያጣው አንድ ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከቤታችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ተማሪዎች በየዓመቱ እየመጡ መጠይቅ ያስሞሉናል፤ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ይጠፋል። ባለፈው ክረምት የፈጨነው በርበሬ ሻግቶብን ብዙ ከሰርን። ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ፈጠራን ያበረታታሉ፣ በአካባቢያቸው ያለውን ንግድ ይደግፋሉ ሲባል እንሰማለን። ለእኛ ዓይነቱ ሰው በእርግጥ ምን ያደርጋሉ? ሄደን ማንን፣ ምን ብለን እንጠይቅ?»

ምላሽ፦

እህቶቼ፣ የመጠይቁን ነገር ሳነብ ልቤ ተነካ። ለዓመታት የሠራሁት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። የሥራ ክፍሌ «የዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር» ይባላል። መጠይቅ አስይዘን ወደ ከተማ ከላክናቸው ተማሪዎች ስንቶቹ ተመልሰው ውጤቱን ለባለቤቱ እንደነገሩ አውቃለሁ። በጣም ጥቂት ናቸው። ቅሬታችሁ ትክክል ነው።

ከዋናው ልጀምር። ገንዘብ ይሰጡናል ብላችሁ ከሄዳችሁ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ባንክ አይደለም። ያለው ሌላ ነው። የመለኪያ መሣሪያ አለው። የሚማርበት እውነተኛ ሥራ የሚፈልግ ተማሪ አለው። ብረት የሚቆረጥበትና የሚበየድበት ወርክሾፕ አለው። በቀን ሦስቴ የሚበላ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለው። እነዚህን ለማግኘት ትንሽና ቁርጥ ያለች ጥያቄ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። «ደግፉን» ብሎ ለሚመጣ ሰው ምን እንደሚደረግለት ማንም አያውቅም። ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆንበታል። «በርበሬያችን ለምን ሻገተ?» ብሎ ለሚመጣ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይፈለግለታል።

ስለዚህ በርበሬያችሁን ይዘን እንሂድ።

በርበሬ የሚሻግተው በውስጡ በቀረው ውሃ ነው። ዛላውን ከአላባ ወይም ከማረቆ አስጭናችሁ ስታመጡት ለእጅ ደረቅ ይመስላል። ሲሰበርም ኮሽ ይላል። ግን እጅ 10 በመቶ እርጥበትን ከ14 በመቶ አይለይም። በርበሬ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ እርጥበቱ ከ10 ወይም ከ11 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። በናንተ ከተማ ደግሞ ክረምት ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። በደንብ የደረቀ በርበሬ እንኳ ከአየሩ መልሶ ይጠጣል። ሲፈጭ ይብሳል፤ ዱቄት ከዛላ ይልቅ ቶሎ ይስባል። የምታሽጉበት ስስ ላስቲክም እርጥበትን ቀስ እያለ ያሳልፋል። ሐምሌ ላይ ፈጭታችሁ መስከረም ላይ ብትከፍቱት መሻገቱ አያስገርምም።

ይህን የሚያረጋግጠው ምርመራ ከምርመራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው። ትንሽ ናሙና ይመዘናል። ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ይቆያል። እንደገና ይመዘናል። የጎደለው በአብዛኛው ውሃ ነው። የግብርና፣ የምግብ ሳይንስ ወይም የኬሚካል ምህንድስና ትምህርት ያለው ዩኒቨርሲቲ ይህ ምድጃና ጥሩ ሚዛን አያጣም። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሊሠራው ይችላል።

የሚሰጣችሁ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ስንት ብር እንደሚያወጣ በስሌት ላሳያችሁ። 100 ኪሎ ዛላ 20 በመቶ እርጥበት ይዞ ገዛችሁ እንበል። 80 ኪሎው በርበሬ፣ 20 ኪሎው ውሃ ነው። ወደ 10 በመቶ ስታደርቁት የሚቀራችሁ 89 ኪሎ ገደማ ነው። 11 ኪሎ ውሃ በበርበሬ ዋጋ ገዝታችኋል። ይህ ገና ሳትቀነጥሱት፣ ወፍጮ ቤት ሳትወስዱት ነው። የገበያውን ዋጋ በ11 አባዙትና ተመልከቱት። በሚቀጥለው ግዢ ይህን ቁጥር ይዛችሁ ከነጋዴው ጋር ስትነጋገሩ ወሬው ከአምናው የተለየ ይሆናል።

ስለ ሻጋታው ግን ሌላም ነገር አለ፤ ይህን በቁም ነገር ያዙልኝ። በርበሬ ላይ ከሚያድጉ ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። ማመስም ሆነ ወጥ ውስጥ ማንተክተክ አያስወግደውም። የሻገተውን ከላይ ጠርጎ የቀረውን መፍጨትም አያድንም። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ላይ ለአፍላቶክሲን በድምሩ ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው። ጀርመን ወይም ጣሊያን ላሉ ወገኖቻችን በመደብር በኩል በርበሬ መሸጥ የምትመኙ ከሆነ የምትለኩት በዚህ ነው። ካለፈው ክረምት የሻገተው የተረፈ ካለ እባካችሁ አትሽጡት። ለላምም አትስጡት፤ መርዙ በወተቷ በኩል ወደ ልጆቻችሁ ይመለሳል።

የአፍላቶክሲን ምርመራ እንደ እርጥበቱ ቀላል አይደለም፤ መሣሪያውም ኬሚካሉም ውድ ነው። ደግሞም የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውጤት ለራሳችሁ እውቀት እንጂ ለፈቃድ ወይም ለውጭ ገበያ ሰርተፊኬት አይሆንም። ለዚያ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለ፤ የምግብ አምራችነት ፈቃዱም የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ጉዳይ ነው። ግን ወደ እነርሱ ከመሄዳችሁና ብዙ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የት እንዳላችሁ በርካሽ የምታውቁት በዩኒቨርሲቲው ነው።

አሁን ወደ «ማንን እንጠይቅ» ልምጣ። የዩኒቨርሲቲ በር ላይ ጥበቃው «ማን ጋ ነው?» ይላችኋል። ስም ከሌላችሁ እዚያው ትቀራላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ፈልጉ። በየሰፈራችሁ የሚከራይ መምህር አይጠፋም። ሽሮ የሚገዛችሁም ይኖራል። «የምግብ ሳይንስ ወይም ድኅረ ምርት፣ ማለትም ከአዝመራ በኋላ የምርት አያያዝን፣ የሚያስተምር ታውቃለህ?» በሉት። ስሙን ስታገኙ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። መምህሩ ነገሩን ከተቀበለው በኋላ ደብዳቤ ጻፉ፤ በማህበረሰብ አገልግሎት ወይም በኢንዱስትሪ ትስስር ለሚጠራው ክፍል ይሁን፤ ስሙ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል። ደብዳቤውን አስቀድሞ መዝገብ ቤት ያስገባል፤ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ሴሚስተሩ ያልቃል።

ስትሄዱ እንደ ለማኝ አንገታችሁን አትድፉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ብቻ አይደለም ግዴታው። የማህበረሰብ አገልግሎት ሦስተኛው ሥራው ነው፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ይህን ያዛል። መምህሩም በየዓመቱ ምን አገለገልክ ተብሎ ይጠየቃል። እውነተኛ ችግር ይዛችሁ ስትመጡ እናንተም ለእርሱ አንድ ነገር እያመጣችሁለት ነው።

ጊዜውን ደግሞ ጠብቁ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የሚመርጡት ዓመቱ ሲገባ ነው። ያኔ ከደረሳችሁ «በክረምት በርበሬ የሚያደርቅ፣ ለአምስት ሠራተኛ የሚሆን የፀሐይ ማድረቂያ» የሚለው የአንድ ቡድን ርዕስ ሊሆን ይችላል። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ከሄዳችሁ ሁሉም የራሱን ይዞ እየሮጠ ነው። የምህንድስና ተማሪዎች ደግሞ የኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ሥራ ቦታ ላይ የሚለማመዱበት ጊዜ አላቸው፤ ወራት የሚፈጅ ነው። ትልቅ ፋብሪካ ያጡ ብዙ ናቸው። አምስት ሠራተኛ ያለው ቤት ተቀብሏቸው በደንብ ቢያሠራቸው ከፋብሪካ ጓሮ ቆመው ከሚውሉበት የበለጠ ይማራሉ። ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ከራሴ ሥራ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ እናንተ እንዳይደርስባችሁ ነው። አንድ ጊዜ ጎበዝ ተማሪዎች የእንሰት መፋቂያ ማሽን ሠሩ። ኤግዚቢሽን ላይ ተሸለመ፣ ፎቶ ተነሳ። ወደ ገጠር ሲወሰድ ሴቶቹ ሁለት ቀን ሞከሩት። ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ለማዞር አራት ወንድ ይፈልጋል። ስለቱ ሲሰበር የሚተካው በከተማው ውስጥ አልነበረም። ማሽኑ ተመልሶ መጋዘን ገባ። ዛሬም እዚያ ይመስለኛል። ልጆቹ ብረቱን በደንብ ያውቁ ነበር። «ማን ይሸከመዋል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» ብሎ ያሠራቸው ሰው ግን አልነበረም። እኔም ከጠያቂዎቹ መሆን ሲገባኝ አልጠየቅሁም። ማድረቂያ ሲሠራላችሁ ይህን ጥያቄ እናንተ ጠይቁ። እቃው ከከተማችሁ ብረታ ብረት መሸጫ የሚገኝ ይሁን። ሠፈራችሁ ያለው በያጅ ሲሠራ አጠገባቸው ቆሞ ይይ፤ የሚጠግነው እርሱ ነውና።

ለምን እንዲህ ይሆናል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መምህር ዕድገት የሚያገኘው በአብዛኛው ባሳተመው ጥናት ነው። ማሽኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ይሥራ አይሥራ የሚቆጥርለት የለም። ተማሪው ተመርቆ ይሄዳል። መለወጥ ያለበት ይህ ነው፤ እኛም ውስጥ ሆነን እየተከራከርንበት ነው። እስከዚያ ድረስ ሥራውን የምትከታተሉት እናንተ ናችሁ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው በር አካውንቲንግ ትምህርት ክፍል ነው። ሁሉም የሚሮጠው ወደ ማሽን ነው። እኔ ካየኋቸው ሥራዎች ፈጥኖ ለውጥ ያመጣው ግን ሁለት የአካውንቲንግ ተማሪዎች አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ለሁለት ሳምንት ተቀምጠው የሠሩት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ባለቤቱ ትንሿ ዳቦ ታተርፋለች፣ ትልቁ ዳቦ ነው የሚያከስረኝ ይል ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። የእናንተንም አንድ ኪሎ በርበሬ ዋጋ እንዲሁ ያውጡላችሁ። ዛላው፣ የጠፋው ውሃ፣ የተቀነጠሰው ግንድ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው፣ የወፍጮው፣ የሠራተኛዋ፣ የላስቲኩ፣ የማመላለሻው። የእናንተ የሁለታችሁ ደመወዝም ይግባበት። የራሳችንን ጉልበት እንደ ነፃ ስለምንቆጥር ያተረፍን እየመሰለን የምንከስር ብዙ ነን።

ተማሪዎቹ ራሳቸው ሥራ ፈጣሪ እንዲሆኑ ምን ይደረጋል ለሚለው፣ ዛሬ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመቱ ኢንተርፕርነርሺፕ የሚባል ትምህርት ይወስዳል። የትርጉም ሽምደዳ ሆኖ የሚያልፍባቸው ክፍሎች አሉ። ከዚህ ይልቅ እኔ የማምንበት የስድስት ቀን ሥልጠና አለ፤ ኢምፕሬቴክ ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1988 አርጀንቲና ላይ ጀመረው። በአገራችን የሚሰጠው የኢንተርፕርነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት ነው፤ በፊት ማዕከል ይባል የነበረው። አሥር የሥራ ፈጣሪ ባሕርያትን በጨዋታና በልምምድ ያሠለጥናል። ቃል መጠበቅ፣ መረጃ መፈለግ፣ ኪሳራን አስልቶ መድፈር ከእነዚህ ናቸው። ለተማሪ ብቻ አይደለም፤ ንግድ ላይ ያለ ሰውም ይገባል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ውስጥ የኢንተርፕርነርሺፕ ማዕከል ካለ ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ ጠይቁና አንዳችሁ ግቡ። ሁለታችሁም አንድ ላይ ከገባችሁ ቤቱን ማን ይይዛል?

«በእርግጥ ምን ያደርጋሉ?» ላላችሁት ሌላ ቦታ የሆነውንም ልንገራችሁ፤ ተረት አለመሆኑን እንድታዩ ነው። በሰሜን ስፔን፣ ባስክ አገር፣ ሞንድራጎን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ድህነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ሆሴ ማሪያ አሪስሜንዲአሪዬታ የሚባሉ ወጣት ካህን ተመደቡባት። በ1943 ከነዋሪው መዋጮ ሰብስበው አንዲት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ አምስት ሰዎች በ1956 ኡልጎር የሚባል ወርክሾፕ አቋቋሙ፤ ስሙ ከአምስቱ ስሞች ፊደል የተገጣጠመ ነው። የሠሩት የነጭ ጋዝ ምድጃ ነበር። ገንዘብ ሲያጥራቸው በ1959 የራሳቸውን የቁጠባና ብድር ባንክ መሠረቱ። ቴክኖሎጂ ከውጭ መግዛት ሲከብዳቸው በ1974 የምርምር ማዕከል አቆሙ። ዩኒቨርሲቲው የመጣው መጨረሻ፣ በ1997 ነው። ዛሬ በዚያ የኅብረት ሥራ ቡድን ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሠራሉ።

ይህን ታሪክ የምወደው በቅደም ተከተሉ ነው። እነርሱ ጋ መጀመሪያ ትንሽ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ምድጃ፣ ከዚያ ባንክ፣ ከዚያ ምርምር፣ በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ። እኛ ጋ ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ በየከተማው ተሠራ። ሕንፃው ቆሟል፣ ተማሪው ሞልቷል፤ ምድጃውን የሚሠሩት አምስት ሰዎች ገና እየተፈለጉ ነው። ለዚህ ነው እንደ እናንተ ያለ ቤት ለዩኒቨርሲቲው የሚያስፈልገው።

ካናዳ ያለው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲጀምር ተማሪው አንድ ወቅት ክፍል፣ አንድ ወቅት ደመወዝ እየተከፈለው ሥራ ላይ እንዲሆን አደረገ። ሌላም ያደረገው ነገር አለ፤ ተማሪም ሆነ መምህር የፈጠረው ነገር የፈጣሪው ነው፣ ዩኒቨርሲቲው የኔ አይልም። በከተማዋ ዙሪያ ብዙ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች የበቀሉት በአንድ በኩል ከዚህ የተነሳ ነው።

የኛም ቤት ባዶ አይደለም። ዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ ሲቋቋም ሐሳቡ ኮሌጅ ለገበሬው ማሳ መልስ ይስጥ የሚል ነበር። ቺሮ፣ ባድሃሳ፣ ቡቡ የሚባሉት የድንች ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው። የሐረርጌ ድንች ነጋዴ የዩኒቨርሲቲውን ስም ሳያነሳም በሥራው ይጠቀማል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማህበረሰብ ተኮር ትምህርት በሚለው ይታወቃል። ተማሪዎቹ ወደ ቀበሌ ወርደው ችግሩን ከነዋሪው ጋር ይለያሉ፣ ዕቅድ ያወጣሉ፣ ተመልሰው አንድ ነገር ይሠራሉ። መጠይቅ ብቻ ይዞ ከመምጣት የሚለየው ይህ መመለስ ነው። ተማሪ በራችሁን ሲያንኳኳ እናንተም ይህን ጠይቁ፦ «ውጤቱን መቼ ታመጣልኛለህ? የመምህርህ ስልክ ስንት ነው?» ይህን ጽፎ ካልሰጣችሁ መጠይቁን የመሙላት ግዴታ የለባችሁም።

አሜሪካ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፣ እዚያ የአነስተኛ ንግድ ልማት ማዕከል የሚባል ነገር አለ፤ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናቸው። የዋሽንግተን ዲሲውን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ የቨርጂኒያውን ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ያስተናግዱታል። የግል ምክሩ በነፃ ነው። እንጀራ ቤት ወይም ሱቅ ያላችሁ ሂዱና ተጠቀሙበት።

አሁን ወደ ትልቁ ሆድ እንምጣ፤ ወደ ካፌው። 10,000 ተማሪ ያለው ግቢ ውስጥ አንድ ተማሪ በቀን 40 ግራም ሽሮ ብቻ ይበላል እንበል። በቀን 400 ኪሎ ነው። በወር 120 ኩንታል። ይህን የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ነጋዴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ንግድ ከሚያደርገው ሁሉ ከሥልጠናም ከኤግዚቢሽንም በላይ የሚያነሣው ከጎረቤቱ መግዛቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በመንግሥት ግዢ ውስጥ የተለየ አስተያየት አለ፤ ለምሳሌ በጨረታ ማስከበሪያ ገንዘብ ፈንታ ካደራጃችሁ አካል የሚጻፍ የዋስትና ደብዳቤ። የጨረታ ሰነዱ ሲወጣ ይህን አንብባችሁ ጠይቁ።

ግን አትቸኩሉ። በዚህ ዓመት አትግቡበት እላለሁ። የመንግሥት ክፍያ ይዘገያል። በወር 120 ኩንታል አቅርባችሁ ክፍያው ሁለት ወር ቢቆይ የ240 ኩንታል ሽሮ ገንዘብ ከኪሳችሁ ወጥቶ ሰው ጋ ተቀምጧል ማለት ነው። አምስት ሠራተኛ ያለውን ቤት ይህ ይሰብረዋል። ለመምህራን ክበብ ወይም ለሠራተኞች ማኅበር በትንሹ ጀምሩ። እዚያ በወሩ ይከፈላችኋል። ደንበኛ የሆነ መምህር ነገ ስለ እናንተ ይናገራል።

ካፒታል ሲያስፈልጋችሁ ወደ ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ መሄዳችሁ አይቀርም። ቤት ወይም መሬት ከሌላችሁ ሊንቀሳቀስ የሚችል ንብረት በዋስትና ማስያዝ የሚቻልበት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እንዳለ እወቁ። ወፍጮ፣ ማሸጊያ ማሽን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሂሳብ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ባንክ በደስታ ይቀበለዋል ማለት አይደለም። በተማሪዎቹ የተሠራ የአንድ ዓመት የሂሳብ መዝገብና የላብራቶሪ ውጤት ይዞ የሚመጣ ተበዳሪ ግን በቃል ብቻ ከሚናገረው የተሻለ ጆሮ ያገኛል።

ከተማሪዎቹና ከመምህሩ ጋር ሥራ ስትጀምሩ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ። ቀለል ያለ ይሁን። ማድረቂያው የማን ነው? ንድፉን ሌላ ሰው ቢፈልገው ይሰጣል? በጥናቱ ላይ የድርጅታችሁ ስም ይጻፍ ወይስ ይቅር? ናሙና ካለቀ ማን ይከፍላል? ተማሪዎቹ በእውነት አዲስ ነገር ከፈጠሩ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአነስተኛ ፈጠራ እንኳ ጥበቃ ይሰጣል፤ ስለዚህ ማን ይመዘገባል የሚለውን ከፈጠራው በፊት ተነጋገሩ። የቅመማችሁን መጠን ግን ለማንም አትንገሩ። ለእርጥበት ምርመራ ኮረሪማው ስንት፣ ጥቁር አዝሙዱ ስንት እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም። ያ የእናታችሁ እጅ ነው፤ ከእናንተ ጋር ይቆይ።

ናሙናው እንዲህ ይወሰድ። ከአንድ ከረጢት ላይ ብቻ አትዝገኑ። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ ከተለያዩ ሦስት ከረጢቶች ውሰዱና ደባልቁት። ሦስት ዓይነት ናሙና ያዙ፦ አሁን የገዛችሁት ዛላ፣ አድርቃችሁ ልትፈጩት ያለው፣ ተፈጭቶ አንድ ወር የተቀመጠው። እያንዳንዱን በደንብ በሚዘጋ ብርጭቆ ዕቃ አድርጉ፤ ፌስታል አይሁን፣ መንገድ ላይ እርጥበት ይለውጣል። ላዩ ላይ ከየት እንደመጣ፣ የተፈጨበትንና የታሸገበትን ቀን ጻፉ። በጠዋት አዘጋጅታችሁ በዚያው ቀን አድርሱት። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሮቹን እዚሁ ጻፉልኝ፤ ዛላው ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ነገሩ ከግዢው ነው፣ ዛላው ደህና ሆኖ ዱቄቱ ከፍ ካለ ከማሸጊያውና ከመጋዘኑ ነው፤ ቀጥሎ የምንነጋገረው እንደዚያ ይለያያል።